በማንጎው ዛፍ ላይ የነበሩት ሦስት እንቁላሎች

ሰውየው ከወፎቹ ጎጆ አጠገብ የቆየው አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። እኔ ግን ያችን ሰዓት ባስታወስኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። የምናደደው በእሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ተወልጄ ያደግሁት ነቀምቴ ነው። አባቴ ለንግድ ከጎጃም መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነበር። ቤት ውስጥ የእሱን አማርኛ፣ ከአጥር ውጭ ኦሮምኛ እየተናገርኩ ስላደግሁ በሁለቱም አፌን ፈትቻለሁ። የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ጊዳ አያና ወረዳ ውስጥ ብዙ ዓመት ሳስተምር የወፍ ጎጆ የመከታተል ልማድ ያዘኝ። ጎጆው መቼ እንደተጀመረ፣ ስንት እንቁላል እንደተጣለ፣ ስንት ቀን እንደታቀፈ፣ ስንት ጫጩት እንደወጣ በደብተር እጽፍ ነበር። ማንም እንድጽፍ አልጠየቀኝም፤ ደስ ስለሚለኝ ብቻ ነው። ጸጥታው ሲደፈርስ አንዲት ቦርሳ ይዤ ወጣሁ፤ ደብተሮቹ ሁሉ እዚያው ቀሩ። በኋላ ቤቱ እንደተቃጠለ ሰማሁ። ሰው በሞተበት አገር ስለ ደብተር ማልቀስ ያሳፍራልና ለማንም ሳልናገር ዋጥ አደረግሁት።

ነቀምቴ ተመልሼ በአንድ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመርኩና ጨለለቂ በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየሁ። የቤቱ ባለቤት ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው አድገው በየከተማው የተበተኑ፣ ከስድሳ ዓመት ያለፉ ሴት ናቸው። ከግቢያቸው ማንጎና አቮካዶ እየለቀሙ ገበያ ያወጣሉ። እሳቸው የወንጌል አማኝ ናቸው፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ግን የእኔን ጾም ከእኔ ይልቅ የሚያስታውሱት እሳቸው ነበሩ። "ሃርሜ" እላቸዋለሁ፣ እናቴ እንደማለት ነው። እሳቸውም "ኢንተለ ኮ" ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ከእኔ ጋር የሚያወሩት በኦሮምኛ ብቻ ስለነበር አማርኛ አይችሉም ብዬ ደምድሜ ነበር።

በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ፣ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች እንደጣሉ፣ ከልብስ ማጠቢያው ድንጋይ በላይ በተንጠለጠለው የማንጎ ቅርንጫፍ ላይ ሁለት ወፎች ሲመላለሱ አየሁ። ወንዱን አንዴ ያየው ሰው አይረሳውም። ራሱ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር፣ ጀርባው የሸክላ ቀለም፣ ጭራው ከገላው ሁለት እጥፍ የሚረዝም ነው፤ ሲበር ከኋላው ሪባን የሚጎትት ይመስላል። ሴቷ ቀለሟ ያው ሆኖ ጭራዋ አጭር ነው። ሃርሜ በኦሮምኛ ባለ ረጅም ጭራው ይሉታል። የአማርኛ ስሙን የሚነግረኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ገበያ ወርጄ አዲስ ደብተር ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት፣ ከሰዓት በኋላም ስመለስ፣ ደጄ ላይ በርጩማ አውጥቼ እቀመጥ ነበር። ወፎቹ ቀጫጭን ሥርና የሣር ክር እያመጡ በሸረሪት ድር ያስሩታል። ሴቷ መሀሉ ገብታ ደረቷን እያዞረች ታስተካክለዋለች። ውጪውን ከዛፍ ልጥ ላይ የሚበቅለውን ግራጫ የዛፍ ሽበት ለጣጥፈው ሲጨርሱ ጎጆው ከግማሽ ብርቱካን አይበልጥም፤ ካላወቁት የቅርንጫፉ እብጠት ነው የሚመስለው። በላዩ ሰፋፊ የማንጎ ቅጠሎች እንደ ክፈፍ ወርደው ሸፍነውታል። በዝናብ ቀን ጠብታው በቅጠሎቹ ጫፍ ተንሸራትቶ ከጎጆው ውጭ ሲወድቅ አይቼ ቦታውን እንዴት እንደመረጡት ገረመኝ።

ጎጆው ካለቀ በኋላ ሁለት ቀን ባዶውን ዋለ። በሦስተኛው ጠዋት የመላጫ መስታወት ከሸምበቆ ጫፍ አስሬ፣ ሁለቱም ወፎች ራቅ ሲሉ ጠብቄ ከላይ አየሁት። አንድ እንቁላል ነበር። በማግስቱ ሁለት፣ በሦስተኛው ቀን ሦስት ሆኑ። ቀለማቸው እርጎ የመሰለ፣ በወፍራሙ ጫፍ በኩል ዝገት የመሰለ ጠቃጠቆ በቀለበት የዞራቸው ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ጠቃጠቆው እስከ መሀል ይወርዳል። መስታወቱን በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ አላነሳም ነበር፤ እስከ ሰላሳ ቆጥሬ ካላየሁም ትቼ እመለሳለሁ። ሁለቱም በተራ ያቅፋሉ። የወንዱ ተራ ሲሆን ጭራው ከጎጆው ጠርዝ ወርዶ በነፋስ ይወዛወዛል። ሃርሜ ይህን ሲያዩ፣ የእሳቸው ባል አንድ ቀን እንኳ ሕፃን ይዞላቸው እንደማያውቅ ነግረውኝ ሳቁ። ልብሳቸውን ለወፎቹ ሲሉ ማንጎው ሥር ማጠብ ትተው ውኃውን በባልዲ ወደ ጓሮ ያመላልሱ ጀመር።

ስህተቴ ለርዕሰ መምህራችን መናገሬ ነው። መምህራን ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ደብተሩን አየብኝና ጠየቀኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ሁሉንም ነገርኩት። ከጥቂት ቀን በኋላ ጠርቶኝ፣ ከአዲስ አበባ አንድ ዶክተር ለወፍ ጥናት መምጣቱን፣ ስለ እኔ ጎጆም እንደነገረው አበሰረኝ። ለትምህርት ቤታችን ስም ነው አለ። ያን ምሽት ደብተሬን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ በንጹሕ እጅ ጽሑፍ ገለበጥኩት። የተማረ ሰው ሊያነበው ነው ብዬ የልብሴን ማስጫ ገመድ ሳይቀር ፈታሁ። ይህን ስጽፍ ራሴን መምታት ያምረኛል።

ዶክተሩ የመጣው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው፤ ወፎቹ ማቀፍ ከጀመሩ ዘጠነኛ ቀናቸው ነበር። ርዕሰ መምህሩ እስከ በር አድርሶት ተመለሰ። የእንግዳው ዕድሜ ከእኔ ቢያንስ እንጂ አይበልጥም። እኔ "ዶክተር፣ እንኳን ደህና መጡ" ስለው እሱ "አንቺ ነሽ መምህሯ?" አለኝ። ደብተሬን ተቀብሎ ቆሞ አገላበጠ፤ ከዚያ እያንዳንዱን ገጽ በስልኩ ፎቶ አነሳ። አንብቦ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ የለም። ቀጥሎ ትልቁን ካሜራ አውጥቶ ማንጎው ሥር ቆመና ቅጠሎቹን እያየ አጉተመተመ። ተቀምጦ የነበረው ወንዱ ነበር፤ ብድግ ብሎ በረረና አጥሩ ላይ አርፎ ይጮህ ጀመር።

"ይሄ ቅጠል ብርሃን ከለከለኝ" አለ ዶክተሩ። ከቦርሳው የአትክልት መቀስ አወጣ።

ሃርሜ ከወጥ ቤት በር ላይ ቆመው ያዩ ነበር። መቀሱን ሲያዩ ወደ እኔ መጡና በኦሮምኛ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ "ንገሪው" አሉኝ። "ያ ቅጠል የወፊቱ ቤት ጣሪያ ነው። ጣሪያዋን ካነሳባት ቁራ ይገባባታል። ዛፌን እንዳይነካ። አሁኑኑ ከግቢዬ ይውጣልኝ በይው።"

ዶክተሩ ምን እንዳሉ ለመስማት ወደ እኔ ዞረ። መቼም የማልረሳው ይህ ነው። የሰማሁትን ጠንቅቄ ሰምቻለሁ፣ ትርጉሙም አልጠፋኝም። ግን ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣ እንግዳ ነው፣ ርዕሰ መምህሩ ምን ይለኛል፣ የትምህርት ቤቱ ስም፣ የተማረ ሰው፤ ይህ ሁሉ አንድ ጊዜ መጣብኝና፣ "ትንሽ እንዲጠነቀቁ አደራ እያሉ ነው፣ ዶክተር" አልኩት።

"አይዞሽ በያቸው፣ ሥራዬ ነው" አለ።

እኔም ለሃርሜ ይጠነቀቃል ብዬ ተረጎምኩላቸው። እሳቸው ፊቴን ትንሽ አዩኝና ወደ ወጥ ቤት ገቡ።

ሦስት ቅርንጫፍ ቆረጠ። ቅጠሎቹ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ወደቁ፤ ጎጆው ፀሐይ ላይ ተሰጣ። በርጩማዬን ከእግሬ ሥር ወስዶ ወጣበት። ጣቱን ከትቶ፣ ያን ጠቃጠቆው እስከ መሀል የሚወርደውን እንቁላል አንስቶ ወደ ብርሃን አዞረው። ከዚያ መዳፉ ላይ ከማስመሪያ አጠገብ አስቀምጦ ፎቶ አነሳውና ጎጆው ውስጥ መለሰው። ሁለቱም ወፎች ከራሱ በላይ እየተመላለሱ ይጮሁ ነበር፤ አንዴ ሴቷ በጆሮው አጠገብ ስታልፍ በእጁ ገፋ አደረጋት። እኔ የካሜራውን ቦርሳ ይዤለት ቆሜ ነበር። አዎ፣ ቦርሳውን ይዤለት። ሲጨርስ ጨበጠኝ፤ ጥሩ ሥራ ነው፣ በርቺ አለኝና ሄደ።

ወፎቹ ቶሎ አልተመለሱም። ከቀትር በኋላ ወንዱ መጥቶ እንቁላሎቹ ላይ ሳይተኛ ቆመ፤ ክንፉን ከፈት አድርጎ፣ አፉን ከፍቶ እያለከለከ፣ ፀሐዩን በገላው ይከልላቸው ነበር። ይህን ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። የተቆረጡትን ቅርንጫፎች አንስቼ በሲባጎ መልሼ አሰርኳቸው፤ በማግስቱ ጠውልገው ተጠቀለሉ። የካርቶን ጥላ ሠርቼ ብሰቅል ሴቷ ፈርታ አልቀርብ አለች፤ አነሳሁት። እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ቀኑን ሙሉ እዚያው ተቀምጬ ስንት ደቂቃ እንደታቀፉ፣ ስንት ደቂቃ ባዶ እንደነበሩ ጻፍኩ። ሌላ የማደርገው ነገር ጠፋኝ።

በሦስተኛው ጠዋት ፊቴን ስታጠብ የወፎቹን ጩኸት ሰማሁ። ስወጣ ቁራው ቅርንጫፉ ላይ ነበር። ጫማዬን አውልቄ ወረወርኩ፤ ሳልመታው ተነስቶ ጣራ ላይ አረፈ፤ በአፉ የያዘውን እዚያው ዋጠው። ጎጆው ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል፤ ውስጡም ባዶ ነበር። ከሦስቱ አንዱ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ወድቆ ተሰብሮ ነበር። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ውስጡ ያለው እንቁላል አልነበረም፤ ወፍ ነበር። ጥቁር ዓይኖቹ በስሱ ቆዳ ሥር ትልልቅ ሆነው ይታያሉ፤ የክንፉ ጫፍ ታጥፎ ደረቱ ላይ ተለጥፏል፤ ምንቃሩ ጫፍ ላይ ቅርፊቱን የሚሰብርበት ነጭ ነጥብ አውጥቷል። ሦስት ወይም አራት ቀን ቢቆይ ይወጣ ነበር። ይህንንም ጻፍኩት።

ዶክተሩ ጋ ደወልኩ። ያጋጥማል፣ ተፈጥሮ ነው፣ ቁራም መብላት አለበት አለኝ። ሌላ ጎጆ ካገኘሁ እንድነግረው አስታወሰኝ። እሺ ብዬ ዘጋሁ። እሺ ማለቴን ያወቅሁት ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ነው።

ሃርሜ ድንጋዩን በውኃ ካጠቡ በኋላ ባልዲውን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ። በኦሮምኛ አልነበረም የተናገሩት።

"እኔ ይውጣ ነው ያልኩት" አሉ በአማርኛ። "አንቺ ምን አልሽ?"

 አማርኛ እንደሚችሉ አላውቅም ነበር ብል፣ ጥፋቱን እንደማመን ብቻ ነው። ግን እሱኑ አልኩ።

"አርባ ዓመት ገበያ የሸጥኩት በምን ቋንቋ ይመስልሻል?" አሉኝ። "እሰማለሁ እኮ። ያኔውኑ ልነግረው እችል ነበር። ከአንቺ አፍ ቀምቼ ብናገር በእንግዳ ፊት ማፈርሽ ነው ብዬ ተውኩት። አንቺ ለእሱ አፈርሽ፣ እኔ ለአንቺ አፈርኩ፤ ለወፊቱ ያፈረ ሰው ጠፋ።"

ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ እንደ ጨዋነት ተምሬዋለሁ። እናቴ ሰው ፊት ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፣ ለትልቅ ሰው አትመልሺ ብላ ነው ያሳደገችኝ። ያን ቀን ግን የጨዋነት መልኩን አጣሁበት። አንዲት ባለቤት በገዛ ግቢዋ የተናገረችውን ቃል ለውጬ፣ ከእሷ አፍ ያልወጣ ልመና አድርጌ አቅርቤአለሁ። ለአንድ ሳምንት ያህል ሃርሜ ከሰላምታ በቀር አላናገሩኝም። መብታቸው ነበር።

ክረምቱ አልፎ ትምህርት ከተከፈተ በኋላ ከተማው ውስጥ በአንድ አዳራሽ ዓውደ ጥናት ተዘጋጀ፤ ስለ ወለጋ ደንና አራዊት ነው ተብሎ መምህራንም ተጠራን። ጥናት ከሚያቀርቡት አንዱ እሱ ነበር። ልሂድ ልቅር እያልኩ አመነታሁና ሄድኩ፤ መሀል አካባቢ ተቀመጥኩ። አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ስላይድ ላይ የእኔ ማንጎ መጣ። ፎቶው ያምራል፣ እውነቱን ለመናገር። ብርሃኑ በደንብ ገብቷል። ቀጥሎ የእኔ የእጅ ጽሑፍ መጣ፤ ስሜ ያለበት ጥግ ተቆርጦ ወጥቷል። ዶክተሩ "የመስክ ምልከታችን" አለው። ከዚያም፣ ከሦስቱ እንቁላሎች ሦስት ጫጩቶች ጎጆውን ለቀው ወጥተዋል ብሎ ሠንጠረዥ አሳየ።

መጀመሪያ የተሳሳትኩ መሰለኝ። ሠንጠረዡን ደግሜ አነበብኩ። ሦስት ይላል። በዚያች ቅጽበት ትዝ ያለኝ እነዚያ ጥቁር ዓይኖች ናቸው። እጄን አነሳሁ። የመድረኩ መሪ ጥያቄ በመጨረሻ ነው አለኝ። እጄን አላወረድኩም፤ ብድግ አልኩ።

"የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው" አልኩ። "ጎጆው የነበረው ጨለለቂ፣ እኔ በምኖርበት ግቢ ነው። ከዚያ ጎጆ አንድም ጫጩት አልወጣም። ፎቶ ለማንሳት ቅርንጫፉን በቆረጡ በሦስተኛው ቀን ቁራ በላቸው። ደውዬ ነግሬዎታለሁ። የግቢው ባለቤት እንዳይቆርጡ፣ እንዲያውም ከግቢያቸው እንዲወጡ ተናግረው ነበር፤ ቃላቸውን አለሳልሼ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ያ የእኔ ጥፋት ነው። ሦስት ብሎ መጻፍ ግን የእርስዎ ነው።"

ከኋላ በኩል ከየወረዳው የመጡ ገበሬዎች ተቀምጠው ነበር፤ ዞሬ ያንኑ በኦሮምኛ ደገምኩት። በዚህኛው ጊዜ ሃርሜ የተናገሩትን ቃል በቃል አልኩ። አዳራሹ ውስጥ መንሾካሾክ ሆነ። አንድ ሽማግሌ ቁራ ለማንም አያዝንም አሉና ጎረቤታቸው ሳቀ። ዶክተሩ ሌላ ጎጆ ተቀላቅሎብኝ ይሆናል፣ ከእርስዎ ጋር እንነጋገርበታለን አለ። እርስዎ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው፤ አላስደሰተኝም። የመድረኩ መሪ ሰዓት እንደሌለ ተናግሮ ወደሚቀጥለው ጥናት አለፈ። በዚያው አለቀ።

ሰኞ ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ጠራኝ። "ቲቸር፣ እንግዳ አዋረድሽ" አለኝ። ነገሩን በጓዳ መጨረስ እችል እንደነበር፣ ትምህርት ቤቱ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ሊጀምር ያሰበው ሥራ እንደተበላሸ፣ ሴት ልጅ በአዳራሽ እንዲህ አትጮህም አለ። አልጮህኩም። በአዳራሹ ውስጥ የእኔን ያህል ቀስ ብሎ የተናገረ ሰው አልነበረም፤ ይህንኑ ነገርኩት። ዶክተሩ የጻፈው ስህተት ነው ወይስ አይደለም ብዬ ጠየቅሁት፤ ጉዳዩ እሱ አይደለም አለኝ። ከእሱ ሌላ ጉዳይ የለኝም ብዬ ወጣሁ። በማግስቱ እኔ የምመራው የተማሪዎቹ የተፈጥሮ ክበብ ለሌላ መምህር መሰጠቱን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አነበብኩ። ክበቡን ራሴ ብተወው ደስ ይለኝ ነበር፤ እንዲህ መነጠቄ ግን አናደደኝ።

ዶክተሩ አንድ አጭር መልእክት ልኮልኛል፤ ሲታተም አስተካክለዋለሁ ይላል። ያስተካክለው አያስተካክለው እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለት ጊዜ ጽፌለታለሁ፤ አልመለሰም።

ለሃርሜ አዳራሽ ውስጥ የሆነውን ስነግራቸው የማንጎ ፍሬ እያበሱ በዘንቢል ይደረድሩ ነበር። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና ቀድሞ ብትናገሪው ይሻል ነበር አሉ፤ ቀጥሎም የበሰለ ማንጎ መርጠው ሰጡኝ። እርቃችን ይኸው ነው። እሑድ ከጸሎት ሲመለሱ ስለ ሰውየው እንደጸለዩ ነገሩኝ። ይቅር አሉት ወይ ብዬ ስጠይቃቸው አሰቡና፣ "እግዚአብሔር ልብ እንዲሰጠው ለምኛለሁ" አሉ። "ተመልሶ ይምጣ ብዬ ግን አልለመንኩም።"

እኔ ግን ለእሱ እስከ መጸለይ አልደረስኩም። ዘንድሮ ኡኬ አካባቢ፣ በአንድ ገበሬ የቡና ተክል መሀል፣ የዚያው ዓይነት ወፍ ጎጆ አግኝቻለሁ። በሳምንት ሁለት ቀን በታክሲ እየሄድኩ አየዋለሁ። ገበሬው መጀመሪያ ምን እንደምፈልግ አልገባውም ነበር፤ አሁን እኔ በማልመጣበት ቀን ያየውን በስልክ ይነግረኛል። ትናንት ሁለት እንቁላል ነበረው። የት እንደሆነ በመምህራን ክፍል የጠየቀኝ አንድ ባልደረባ ነበር፤ አልነግርህም አልኩት። ቅር አለው፤ ምንም አልመሰለኝም።